መሸኛ ያልመጣላቸው እትዬ

ስንቆጠር አሥራ አንድ ነን። አሥራ አንድ ሰው በሰው አገር፣ በሰው ምድር ቤት ተሰብስቦ ራሱን «ጉባኤ» ብሎ ሲጠራ አለመሳቅ ይከብዳል። እኔ ግን የጉባኤው ጸሐፊ ስለሆንኩ መሳቅ አይፈቀድልኝም፤ የተፈቀደልኝ መመዝገብ ነው። ክፍሉ በሥራ ቀናት የሕፃናት መዋያ ነው። ግድግዳው ላይ ትልቅ ቀጭኔ ተስሏል፤ አንገቱ ላይ የልጆች ቁመት መለኪያ ቁጥር ተጽፎበታል። መስኮቱ ሥር ትንንሽ ሽርጦች በተርታ ተሰቅለዋል፣ ወለሉ ሙጫና የቀለም እርሳስ ይሸታል። ፎቁ ላይ ያለው ሰፊው ቤተ ክርስቲያን የባለቤቶቹ ነው። እነሱ ጠዋት አምልከው ሲወጡ እኛ ከሰዓት በኋላ በጓሮ በር እንገባለን።

ፕሪስቢቴሪያን ነን። ለማያውቅ ሰው ባጭሩ፣ ጳጳስ የለንም፤ የምንመራው ራሳችን በመረጥናቸው ሽማግሌዎች ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ሽማግሌዎቹን እስክታያቸው ድረስ በጣም ጥሩ ነው። እኛ ዘንድ ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው። አንዱ ሰብሳቢ ነው፤ የቤት ዕቃ መደብር ሻጭ። ሳምንቱን ሙሉ በዕድሜ ልጁ በሚሆን አለቃ ፊት «እሺ፣ እሺ» ሲል ይከርምና እሁድ የተጠራቀመበትን ትእዛዝ ሁሉ እኛ ላይ ያራግፋል። የመተዳደሪያ ደንባችንን ከነቁጥሩ ስለሚጠራ በሌለበት «አንቀጽ» እንለዋለን። ሁለተኛው ፋርማሲ ውስጥ የሚሠራ ሰው ነው። ስብሰባ በተጀመረ በአሥረኛው ደቂቃ ያንቀላፋል፤ ድምፅ ሲሰጥ ግን እጁን ያወጣል፣ እንዴት እንደሚያውቅ ፈጣሪ ይወቅ። ሦስተኛው እኔ ነኝ። አሳንሰር እጠግናለሁ። ሰው አሳንሰር ውስጥ ሲገባ አፉን ዘግቶ ቁጥሩን ይመለከታል፤ ይህን ጠባይ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ይዞት ቢመጣ ምን ነበረበት?

ስለ ቀጭኔው አሥራ አራት ወር ተከራክረናል። ግማሹ ሰው በእግዚአብሔር ቤት እንስሳ ምን ይሠራል፣ ይሸፈን አለ፤ ግማሹ እንስሳውን ማን ፈጠረውና አለ። ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ሁለት ሰው ስለነበረ ለሁለት ተከፈለ። በመጨረሻ ግማሽ መጋረጃ ይሰቀል ተብሎ ታረቅን፤ አሁን ቀጭኔው ከአንገቱ በላይ ብቅ ብሎ ስብከቱን ይከታተላል። ከፋርማሲው ሰው እሱ ይሻላል፣ ቢያንስ ዓይኑ ክፍት ነው።

መጋቢያችንም የእኛ ብቻ አይደለም፤ የአራት ከተማ መጋቢ ነው። በሦስት ወር አንዴ መኪናውን ነድቶ ይመጣል። የጌታ እራት የምንቀበለው ያኔ ነው።

«እትዬ» የምንላቸው ሴት ከአሥራ አንዱ ውስጥ አይደሉም። አሥራ ሁለተኛ ናቸው እንዳልል መዝገቡ አይልም። ስድሳ አምስት ዓመት አልፏቸዋል፤ አንድ ትልቅ ሆስፒታል ውስጥ፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ አንሶላ ያጥፋሉ። እሁድ እሁድ ሁለት አውቶቡስ ቀይረው ከሁላችን አንድ ሰዓት ቀድመው ይደርሳሉ። የሕፃናቱን ድንክ ድንክ ወንበሮች ወደ ጥግ ይገፋሉ፣ የእኛን ከዕቃ ቤት ያወጣሉ፣ ማሞቂያውን ይከፍታሉ። በጌታ እራት እሁድ ደግሞ ዳቦውን ቤታቸው ጋግረው በነጭ ፎጣ ጠቅልለው ይመጣሉ። የጣት ቁመት የሚያህሉትን ብርጭቆዎች ትሪው ላይ በየቀዳዳቸው ይተክሉና የወይን ጭማቂ ይሞሏቸዋል። አሥራ አንድ ለእኛ፣ አንድ ለመጋቢው። አንድም ትርፍ የለም።

ከዚያ በሩ አጠገብ ያለችው ወንበር ላይ ሄደው ይቀመጣሉ። ትሪው ይዞራል። እሳቸው ዘንድ ሲደርስ ያልፋል። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው ወለሉን ያያሉ፤ ሲያልቅ ተነስተው ባዶ ብርጭቆዎቹን ይሰበስቡና ወጥ ቤት ገብተው ያጥባሉ። ሰባት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነበር። በገዛ እጃቸው የጋገሩትን ዳቦ ከዚያ ትሪ ላይ አንድ ጊዜ አልቆረሱም።

ነገሩ የመሸኛ ነው። በእኛ ሥርዓት ከአንድ ቤተ ክርስቲያን ወደ ሌላ የሚሄድ ሰው መሸኛ ይዞ ይመጣል፤ «ይህ ሰው አባላችን ነበር፣ በመልካም ሸኝተነዋል» የሚል፣ የዚያ ጉባኤ ጸሐፊ የፈረመበት ደብዳቤ። መሸኛ የሌለው አባል አይሆንም፤ አባል ያልሆነ ከትሪው አያነሳም። እትዬ ከሰባት ዓመት በፊት መጥተው አባል ልሁን ባሉ ጊዜ አንቀጽ መነጽሩን ዝቅ አድርጎ «መሸኛሽስ?» አላቸው። በአሥር ዓመት የሚበልጡትን ሴት «አንቺ» ማለቱ ነው።

«ቤተ ክርስቲያናችን ተዘግቷል» አሉ እትዬ። «ሰዉ በየአገሩ ተበትኗል። የሚፈርምልኝ የለም።»

«አንቀጽ ሃያ ሦስት መሸኛ ይላል እንጂ ሰበብ አይልም።»

እኔም ቃለ ጉባኤው ላይ ስማቸውን ጻፍኩና ከጎኑ «ጉዳያቸው መሸኛ እስኪቀርብ በይደር ተይዟል» አልኩ። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ያችኑ ዓረፍተ ነገር እገለብጣለሁ። መዝሙር መጽሐፍ ከፍተው አይተናቸው ስለማናውቅ አንቀጽ ፊደል የቆጠሩ አይመስለውም ነበር። እውነቱን ለመናገር እኔም አልመሰለኝም። ለካ መዝሙሩን ሁሉ በቃላቸው ስለሚያውቁት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገራችሁ፤ ስላልጠየቃችሁኝ ነው የምነግራችሁ። መጣሁበት ያሉት ከተማ የኔ ከተማ ነው። ተዘጋ ያሉት ቤተ ክርስቲያንም እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ወንበር ያሞቀችበት ነው። እኔ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ከዚያ ወጥቼ ተመልሼ አልሄድኩም፤ እሳቸው ወደዚያ ከተማ አግብተው የመጡት እኔ ከወጣሁ በኋላ ነው። አንተዋወቅም። እናቴ ከሞተች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በሰባት ዓመት ውስጥ «እትዬ፣ እናቴን ያውቋት ነበር?» ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኋቸውም። ያገሩን ሰው የሚሸሽ ሰው ምክንያት አያጣም፤ የኔ ምክንያት «ሥራ ይበዛብኛል» ነበር።

ባለፈው ዓመት የቀድሞው አሥራ ሁለተኛ አባላችን፣ ጡረታ የወጣው ባቡር ነጂ፣ ልጁ ወዳለችበት ከተማ ጠቅልሎ ሄደ። ወር ሳይሞላ ከበላይ ጉባኤው ደብዳቤ መጣ። በመዝገቡ ላይ ከአሥራ ሁለት ያነሰ አባል ያለው ጉባኤ እንደ ጉባኤ አይቆጠርም ይላል። እስከሚቀጥለው የጌታ እራት እሁድ የአባላቱን ዝርዝር፣ ከእያንዳንዱ አባል መሸኛ ፎቶ ኮፒ ጋር እንድንልክ ያዛል። ካልሆነ ሽማግሌዎቹ ተሰናብተው አባላቱ ከፎቁ ቤተ ክርስቲያን ጋር ይጠቃለላሉ።

አንቀጽ ስለ ፍርድ ቀን ሲሰበክ ጥፍሩን የሚመለከት ሰው ነው። «ሽማግሌዎቹ ይሰናበታሉ» የሚለውን ሲያነብ ግን ከንፈሩ ደረቀ።

በማግስቱ እሁድ ከአምልኮ በኋላ ሦስታችን ተሰበሰብን። ደብዳቤው የሕፃናቱ ዝቅተኛ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል፤ ጉልበታችን ከጠረጴዛው በላይ ሆኗል። አሥራ ሁለተኛ ሰው ከየት ይምጣ? የፋርማሲው ሰው ነቃና «የኔ ልጅ አለ እኮ!» አለ። እዚያው ስልክ ደወለለት፤ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው።

«አባዬ፣» አለ ልጁ ነገሩን ሰምቶ ሲጨርስ፣ «አንተ እዚያ ሄደህ የምትተኛው ይበቃል። እኔ አልጋ አለኝ።»

ስልኩ ተዘጋ። ያኔ ከወጥ ቤቱ የሻይ ብርጭቆ ድምፅ ተሰማ፤ ቅጭል አለ። አንቀጽ አንገቱን ወደዚያ አዞረ። ፊቱ ላይ ያየሁት ፈገግታ ሶፋ ሊሸጥ ሲል የሚያወጣው ሳይሆን አይቀርም።

«እትዬ! እስቲ አንዴ ብቅ ይበሉልን። ኧረ ይቀመጡ፣ ምን ቆመው!»

ሰባት ዓመት «አንቺ» ሲል የኖረ አፍ ባንድ ጀምበር አንቱታ ለመደ። እትዬ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ መጡ። አልተቀመጡም።

«በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይባል የለ?» አለ አንቀጽ። «እኛም ተሞኝተን ነው እንጂ እርስዎ እኮ የቤቱ ምሰሶ ነዎት። ዛሬውኑ አባል እናደርግዎታለን።»

«መሸኛዬስ?»

«ደብዳቤ ምን ያደርጋል እትዬ! ዋናው ልብ ነው።»

«ሰባት ዓመት ዋናው ደብዳቤ ነበር።»

የፋርማሲው ሰው ጭራሽ ዓይኑን ገለጠ። አንቀጽ ጉሮሮውን ጠራረገና «በአንቀጽ ሃያ ሦስት መሠረት» ብሎ ጀመረ።

«ሃያ ሦስት፣ ንዑስ ሦስት» አሉ እትዬ። «‹መሸኛ የሚሰጠው ጉባኤ የፈረሰ እንደሆነ፣ የዚያው ጉባኤ አባል የነበረ አንድ ሰው በጽሑፍ ይመስክር።› በዚህ ከሆነ እገባለሁ። በጓሮ ግን አልገባም፤ ለዛሬ ጉድጓድ መድፈኛ ብላችሁ በምትከፍቱት ቀዳዳ አልገባም።»

አንቀጽ ደንቡን ገለበጠ። ነበረ። ሃያ ሦስት፣ ንዑስ ሦስት፣ ቃል በቃል። ሃያ ዓመት ሲያውለበልበው የኖረውን ደብተር ገጹን ገልብጦ አላነበበውም ማለት ነው። እኔም አላነበብኩትም፤ ግን የሱ አለማንበብ ደስ አለኝ። ደስታዬ ብዙ አልቆየም።

«አንተ የዚያ ከተማ ልጅ አይደለህም እንዴ?» አለኝ አንቀጽ።

«ነኝ። ግን እሳቸው ሳይመጡ ነው የወጣሁት። የማላውቀውን ሰው እንዴት ብዬ ልመስክር?»

ይህን ያልኩት ሰባት ዓመት ባጠቡት ብርጭቆ የጠጣሁ ሰው ነኝ። እትዬ ቀና ብለው አዩኝ። «ይሁን» አሉና ወደ ብርጭቆዎቻቸው ተመለሱ።

ሰኞ መሸኛዎቹን ፎቶ ኮፒ ላደርግ ፋይሉን ሥራ ቦታ ይዤ ሄድኩ። ማሽኑ መለዋወጫ ዕቃ ክፍሉ ውስጥ፣ የአሳንሰር ገመድ በተጠቀለለበት መደርደሪያ አጠገብ ነው። አንድ በአንድ እያወጣሁ መስተዋቱ ላይ አስቀምጣለሁ። የአንቀጽ ሦስት ገጽ ነው፤ ሲሸኙት እንኳ ንግግር አስረዝሞባቸው ነበር ማለት ነው። ዘጠነኛው የኔ ነበር። አንብቤው አላውቅም። ከአሥራ ሰባት ዓመት በፊት እናቴ በታሸገ ፖስታ ልካው፣ የዚያን ጊዜው ጸሐፊ ከፍቶ ፋይል ውስጥ አስገብቶታል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ስለ እኔ የተባለውን ከሰው ሁሉ ኋላ የሰማሁት እኔ ነኝ።

«ይህ ወንድም በጉባኤያችን ተጠምቆ ያደገ፣ በአምልኮ ሳያቋርጥ የሚገኝ፣ ለታናናሾቹ ምሳሌ የሆነ፣ ከማንም ጋር ጠብ የሌለው ነው። ደጅ ላይ አታቁሙት፤ እንደ ራሳችሁ ልጅ ተቀበሉት።»

ተጠምቄያለሁ፤ ሌላው ሁሉ ውሸት ነው። ከአሥራ አምስት ዓመቴ ጀምሮ ከከተማው እስክወጣ አራት ዓመት በዚያ በር አልገባሁም። እሁድ እሁድ ኳስ ሜዳ ነበርኩ። ሊመክረኝ ቤታችን የመጣውን ሽማግሌ በእናቴ ፊት ሰድቤ አባርሬዋለሁ። መሸኛ የፈለግኩትም አምልኮ ናፍቆኝ አይደለም። እዚህ አዲስ እንደመጣሁ የጉባኤው ሰዎች ሥራ የሚያገናኙት አባላቸውን ስለነበር ነው። አሳንሰር ድርጅቱ ውስጥ ያስገባኝ የያኔው ሽማግሌ ነው። እንጀራዬ፣ የጸሐፊነት ወንበሬ፣ ሰውን ቁልቁል የማይበት ከፍታ ሁሉ በዚህች ወረቀት ላይ ቆሟል።

ጽሕፈቱ ያምራል። እያንዳንዱ ፊደል እንደ ታጠፈ አንሶላ ጠርዝ ለጠርዝ ገጥሟል። ከሥር «የጉባኤው ጸሐፊ» ይላል፤ ከዚያ ማኅተም፣ ከማኅተሙ በላይ ስም። እኔ በየዓመቱ «በይደር ተይዟል» ከሚለው ፊት የምጽፈው ስም ነበር። የእትዬ ስም።

ለሰው ሁሉ መሸኛ ይጽፉ የነበሩት ሴት የራሳቸውን መጻፍ አይችሉም። ማንም ለራሱ አይፈርምም። ይህን ለማወቅ ሰባት ዓመት አያስፈልግም ነበር፤ አንድ ጥያቄ ይበቃ ነበር። ያን ዕለት አንድ አሳንሰር በአራተኛና በአምስተኛ ፎቅ መሐል ቆሞ ሰዎች ሲደውሉ አላነሳሁም። በገዛ ራሴ አፈርኩ፤ አፈርኩ ስል እንደ ሰው አባባል አይደለም፣ ጆሮዬ ድረስ ጋለ።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ሆስፒታሉ ሄድኩ። ልብስ ማጠቢያው ከሕንፃው በስተኋላ ነው። በር ስከፍት እንፋሎትና የበረኪና ሽታ ተቀበለኝ። ግዙፍ ማሽኖች ይሽከረከራሉ፤ እትዬ ረጅም ጠረጴዛ አጠገብ ብቻቸውን ቆመው አንሶላ ይለያሉ። አብራቸው የምታጥፈው ሴት ምሳ ወጥታለች።

«እትዬ፣ መሸኛዬን አነበብኩት።»

«ቆይተሃል» አሉ ሳይዞሩ። አንድ አንሶላ መዘው ጫፉን ወረወሩልኝ። «ያንን ያዝ። ሳብ። እንደሱ አይደለም፣ ጥግ ለጥግ።»

ያዝኩ። ሳብኩ። እሳቸው ወደኔ ይመጣሉ፣ ጫፉን ከእጄ ተቀብለው ይመለሳሉ፤ ሌላ አንሶላ ይወረውሩልኛል። እያጠፍን ነው ያወራነው።

«ለምን ጻፉት? ዓይኔን እንኳ አይተው አያውቁም።»

«እናትህ ሦስት እሁድ ተከታትለው መጡ። መዝገቡን ገልጬ አሳየኋቸው፤ ካንተ ስም ፊት አራት ዓመት ባዶ ነው። ‹አውቃለሁ› አሉኝ። ‹ቅዱስ ነው በይልኝ አላልኩሽም። ልጄ በሰው አገር ደጅ ላይ እንዳይቀር ነው።› እኔ ደግሞ የእናት ነገር አልችልም። ጻፍኩት።»

«ታዲያ ሰባት ዓመት ሙሉ ምነው ሳይነግሩኝ?»

«ምን ብዬ? ጸሐፊዋ እኔ ነበርኩ ብል ‹እስቲ የጻፍሽውን እንይ› ብላችሁ ፋይሉን ትከፍቱ ነበር። ንዑስ ሦስትን ባነሳም መስካሪው አንተ ነህ፤ አሁንም ፋይሉ ይከፈታል። ያ ሰብሳቢያችሁ ደግሞ ለሰው ስህተት አፍንጫው አይጣል ነው። ተነቅለህ ትወጣ ነበር። አሁን ግን የሁሉም መሸኛ ይላክ ተባለ፤ ለማን ብዬ ዝም ልበል?»

«ለኔ ብለው ነው ደጅ የተቀመጡት?»

«ኧረ ወዲያ! ቅዱስ አታድርገኝ!» አንሶላውን ከእጄ ሊነጥቁኝ ምንም አልቀራቸው። «ውሸት ፈርሜያለሁ። ጸሐፊ ውሸት ከፈረመ ከጌታ እራት ስድስት ወር ይታገዳል፣ ደንቡ ነው። እኔን የሚያግደው ጉባኤ ሳልናዘዝ ስለፈረሰ ራሴን አገድኩ። እናንተም አገዛችሁኝ። አሁን ግን በቃ። ስድስት ወር ነው ያለው ደንቡ፤ እኔ ሰባት ዓመት ሞልቻለሁ።»

«እሁድ ተነስቼ ልናገር? መሸኛዬ ውሸት ነው ልበል?»

«በልና ከመዝገብ ይሰርዙህ! እኔ ገባሁ፣ አንተ ወጣህ፣ ያው አሥራ አንድ።» ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው አንሶላውን ደረታቸው ላይ ያዙት። «እኔ እዚያ ላይ ‹ሳያቋርጥ የሚገኝ› ነው ያልኩት። እዚህስ ትገኛለህ፣ ቀርተህ አታውቅም። ግን ከበሩ አጠገብ ሆኜ አይሃለሁ፤ ሰው ሳትንቅ የዋልክበት እሁድ የለም። ሰብሳቢውን ትንቃለህ። የፋርማሲውን ሰው ትንቃለህ። ከሚስቱ ሞት ወዲህ ሁለት ሥራ ነው የሚሠራው፣ ጠይቀኸው ታውቃለህ? ቀጭኔውን እንኳ አልማርከውም።»

«ቀጭኔውንስ አልናቅሁትም።»

«እሱን ብቻ!» አሉና ሌላ አንሶላ ወረወሩልኝ።

ያን ቀን ማታ ምን እንደምጽፍ አልጨነቀኝም። የራሴን መሸኛ ፊት ለፊቴ አስቀምጬ ገለበጥኩት። «እኚህ እናት በአምልኮ ሳያቋርጡ የሚገኙ፣ ለታናናሾቻቸው ምሳሌ የሆኑ፣ ከማንም ጋር ጠብ የሌላቸው ናቸው። ደጅ ላይ አታቁሟቸው።» አንድ ቃል አልጨመርኩም። አሥራ ሰባት ዓመት በኔ ስም የኖረው ሁሉ ባለቤቱን አገኘ።

የጌታ እራት እሁድ መጋቢው መጣ። አንቀጽ አዲስ ክራባት አስሮ ምስክርነቴን ጮክ ብሎ አነበበ፤ እትዬን ከባሕር ዋኝቶ ያወጣቸው እሱ ይመስል ነበር። «ደጅ ላይ አታቁሟቸው» የሚለው ላይ ሲደርስ እትዬ አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። ሳቅ ይሁን ሌላ ከሩቅ አላወቅሁም። መጋቢው ጥያቄዎቹን ጠየቃቸው፣ ቆመው መለሱ፣ እኔ በመዝገቡ ላይ አሥራ ሁለተኛ ብዬ ስማቸውን ጻፍኩ። አንቀጽ «ጉባኤያችን ዳነ!» ብሎ አጨበጨበ። ሽማግሌነቴ ዳነ ማለቱ ነው፤ ሆኖም አጨበጨብንለት።

ትሪውን የማዞረው እኔ ነበርኩ። በሩ አጠገብ ስደርስ ለሰባት ዓመት ሲያልፍ የነበረው እግሬ ሳላዘው ሊያልፍ ነበር፤ ቆምኩ። እትዬ ዳቦውን ቆረሱ። በበረኪና የተሰነጣጠቀው ጣታቸው ብርጭቆዋን ከቀዳዳዋ አወጣት፤ ዓይናቸውን ጨፍነው ጠጡና ባዶዋን መልሰው አስቀመጡ። አላለቀሱም። ጨርሰው የመኪና ጋቢና ውስጥ እንደተቀመጠ ሰው ቀና ብለው ፊት ለፊት ተመለከቱ።

በመጨረሻ መጋቢው ትሪውን ለሽማግሌዎቹ አቀረበ። እኔ ዘንድ ሲደርስ ራሴን ነቀነቅኩ። የኔ ብርጭቆ ሞልታ ቀረች።

ሁሉም ሲጨርስ ወጥ ቤት ገባሁ። እትዬ በገዛ ቀናቸው እጅጌያቸውን ሰብስበው ብርጭቆ ያጥባሉ።

«ዛሬስ እኔ ልጠብ እትዬ።»

«በአሳንሰር ቅባት እጅህ? ተወኝ።» ከዚያ ሙሉዋን ብርጭቆ አዩ። ውኃውን ዘጉ። «ይቺ የማን ናት?»

«የኔ።»

«ምነው?»

«አልቻልኩም። ያ ደብዳቤ እያለ...»

እጃቸውን ጠረጉ። ሲቆጡ ያየሁት ያኔ ነው፤ በሰባት ዓመት የመጀመሪያው።

«ስማኝ። እኔ ያንን ውሸት የፈረምኩት እንድትጠጣ ነው እንጂ እንድታሳልፍ አይደለም። እናትህ ሦስት እሁድ የተመላለሱበትን፣ እኔ በር ላይ የተቀመጥኩበትን ነገር ትሪ ላይ ጥለኸው መጣህ?»

«አሁን ልጠጣው» ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

ብርጭቆዋን ወደ ራሳቸው ሳቡ። «አሁንማ ምን ይሆናል! ሥርዓቱ አልፏል፤ ይሄ ጭማቂ ነው። የሚቀጥለው ከሦስት ወር በኋላ ነው።»

«ሦስት ወር?»

«ሰባት ዓመት ያስጠበቀ ሰው ሦስት ወር አያቅተውም።»

ጭማቂውን መታጠቢያው ውስጥ ደፉት። ብርጭቆዋን አጥበው ለቅልቀው ከፎጣው ጋር በእጄ አስያዙኝ። «በል አድርቅ። ጥግጥጉን።»

ከአዳራሹ የአንቀጽ ድምፅ መጣ። «የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ! አሁን አሥራ ሁለት ከሆንን የቀጭኔው ጉዳይ እንደገና ድምፅ ይሰጥበት!» ከንፈሬ ራሱ ሊጣመም ሲል እትዬ በጎን አዩኝ። ከንፈሬን መልሼ ብርጭቆዋን ማድረቅ ቀጠልኩ።